ከ«ነፃ» ቀጥሎ ያለችው ቃል

ለመሆኑ ነፃ ሰው ማለት ምን ማለት ነው? ባሪያ ያልሆነ ሁሉ ነፃ ነው ብለን ካለፍነው ተሳስተናል። በአሜሪካን ደቡባዊ ግዛቶች፣ ከባርነት የወጡ ወይም ነፃ ሆነው የተወለዱ ጥቁሮች ታሪክ ይህን ያስረዳናል። (ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከቨርጂኒያ እንነሣ። በ1806 የወጣው ሕግ ነፃው ጥቁር ጠመንጃ ለመያዝ ከፍርድ ቤት ፈቃድ እንዲያወጣ አስገደደው። ነጩ ጎረቤቱ ግን ይህ ግዴታ አልነበረበትም። በ1831 ናት ተርነር የተባለ ባሪያ በሳውዝሃምፕተን አመፅ አስነሣ። የአመፁ መሪ ባሪያ ነበር፤ ዳፋው ግን ለነፃውም ተረፈ። በ1832 ያችው ፈቃድ እንኳ ቀረች።

ቴነሲ ደግሞ አጭር ዘዴ አገኘች። የ1796ቱ ሕገ መንግሥቷ መሣሪያ የመያዝን መብት ለ«ነፃ ሰዎች» ሰጥቶ ነበር። በ1834 ሲሻሻል «ነፃ ነጭ ሰዎች» ተባለ። አንዲት ቃል ናት እኮ! የነፃው ጥቁር መብት በእሷ ተሠረዘ።

ታዲያ ይህ ሁሉ ለምን? ምሥጢሩን ያወጡት ራሳቸው ዳኞቹ ናቸው። በ1857 በድሬድ ስኮት ጉዳይ ዋናው ዳኛ ሮጀር ታኒ ጥቁር ዜጋ ሊሆን አይችልም ሲሉ ከደረደሩት ምክንያት አንዱ፣ ዜጋ ከሆነማ እንደልቡ ይናገራል፣ ይሰበሰባል፣ መሣሪያ ይዞም በየሄደበት ይንቀሳቀሳል የሚል ነበር። ልብ እንበል! ዜጋ ስላልሆነ መብት የለውም ማለት ብቻ አይደለም፤ መብቱ ስለሚያስፈራን ዜጋ አይሁን ማለት ነው።

በእርስ በርሱ ጦርነት 180,000 ያህል ጥቁሮች ከሰሜኑ ጦር ጋር ተሰለፉ። ጦርነቱ በ1865 አበቃ። በዚያው ዓመት ሚሲሲፒ በውትድርና ላይ ያልሆነ ጥቁር ያለ ፈቃድ ጠመንጃም ጥይትም እንዳይዝ ደነገገች። ቅጣቱ እስከ 10 ዶላር፣ የተወረሰው መሣሪያ ደግሞ ለጠቋሚው! ትናንት ዘብ የቆመ ወታደር የደንብ ልብሱን ባወለቀ ማግስት፣ ጠመንጃው ላሳበቀበት ሰው ጉርሻ ሊሆን ተፈረደበት።

በ1868 የጸደቀው 14ኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ የጥቁሩን ዜግነት በወረቀት አረጋገጠ። ወረቀቱ ግን በሌሊት በር የሚሰብሩትን ጭምብል ለባሾች አላስቆመም።

ጠመንጃን ለማወደስ አልተነሣንም። የምንለው ይህን ነው፦ ሕግ «ነፃ» የሚል ቃል ሲያሰማን በእልልታ ከመቀበላችን በፊት፣ ቀጥላ የተሸጎጠችውን ቃል ፈልገን እናንብብ።