ዘፋኙ ኒክ ጆናስና የስኳር በሽታ

ዛሬ የምናወሳው አንድ አሜሪካዊ ዘፋኝና ዜማ ደራሲ ነው። ኒክ ጆናስ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1992 ዓ.ም. በቴክሳስ ግዛት፣ በዳላስ ከተማ ተወለደ። ገና በልጅነቱ በኒው ዮርክ በብሮድዌይ ቴአትር ቤቶች ይጫወት ነበር፤ ኋላም ከወንድሞቹ ከኬቪንና ከጆ ጋር ሆኖ «ጆናስ ብራዘርስ» የተባለውን ቡድን አቋቋመ።

በ2005 የ13 ዓመት ልጅ ሳለ፣ አንደኛው ዓይነት የስኳር በሽታ እንደ ያዘው ሐኪሞች ነገሩት። ይህ ሕመም ብዙ ሰው እንደሚያስበው ጣፋጭ ከማብዛት የሚመጣ አይደለም፤ የሰውነት መከላከያ ኃይል ራሱ በቆሽት ውስጥ ኢንሱሊን የሚያመነጩትን ሕዋሳት ሲያጠፋ የሚደርስ ነው እንጂ። ከ1922 አስቀድሞ ቢሆን ኖሮ እንዲህ ላለው ልጅ ተስፋ አልነበረውም፤ በዚያ ዓመት በጥር ወር በቶሮንቶ ከተማ ሊዮናርድ ቶምሰን የተባለ የ14 ዓመት ሕመምተኛ ኢንሱሊን በመርፌ ከተሰጠው ወዲህ ግን የሞት ፍርዱ በዕለት ተዕለት ጥንቃቄ ተተካ።

ጆናስ ሕመሙን አልሸሸገም። በ2007 ለሕዝብ ገለጠ፤ በ2008ም ስለዚሁ የደረሰው ዘፈን የቡድኑ አልበም መጠሪያ ሆነ። በ2009 በዋሽንግተን በሕግ መወሰኛው ምክር ቤት ኮሚቴ ፊት ቀርቦ ስለ ሕመሙና ስለ ምርምሩ አስፈላጊነት ተናገረ። ገና የ16 ዓመት ልጅ ነበርና፣ በእኛ ግምት ከዘፈኖቹ ሁሉ ይልቅ ይህ ያስመሰግነዋል። በ2015 ደግሞ ከሌሎች ጋር ሆኖ «ቢዮንድ ታይፕ ዋን» የተባለውን የበጎ አድራጎት ድርጅት መሠረተ።

የኢንሱሊን ፈልሳፊዎች በ1923 መብታቸውን ለቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የሸጡት በአንድ አንድ ዶላር ነበር፤ ይሁን እንጂ በጆናስ አገር የመድኃኒቱ ዋጋ ለብዙ ሕመምተኞች ለዓመታት የማይቀመስ ሆኖ ኖሯል።