የጣና ሐይቅ የጀልባ ጉብኝት

የጣና ሐይቅ የጀልባ ጉብኝት ከባሕር ዳር ወይም ከጎርጎራ ተነስቶ በሐይቁ ደሴቶችና በዳርቻው የሚገኙ ገዳማትን እያዳረሰ የሚደረግ ጉዞ ነው። ኢትዮጵያ የባሕር በር የሌላት አገር በመሆኗ፣ በሌላው ዓለም በመርከብ ከደሴት ወደ ደሴት ከሚደረገው ጉብኝት ጋር የሚቀራረብ ነገር በአገር ውስጥ የሚገኘው በዋናነት እዚህ ነው። ልዩነቱ ግን ሰፊ ነው። በባሕር ላይ የሚጓዝ ትልቅ የመዝናኛ መርከብ መኝታውንም ምግቡንም ይዞ ይሄዳል፤ በጣና ግን አብዛኛው ጎብኚ ጠዋት ወጥቶ ማታ ባሕር ዳር ይመለሳል። የሚያርፍባቸው ደሴቶችም ለመዝናኛ የተዘጋጁ ሳይሆኑ መነኮሳት የሚኖሩባቸው፣ የራሳቸው ሕግ ያላቸው ቦታዎች ናቸው።

ሐይቁ

ጣና በኢትዮጵያ ትልቁ ሐይቅና የአባይ ወንዝ መነሻ ነው። ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል። ስፋቱ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ሲሆን እንደ ወቅቱ ይለያያል። ይህን ያህል ሰፊ ሆኖ ጥልቀቱ ግን በጣም ትንሽ ነው፤ ጥልቅ በሆነበት ቦታ እንኳን 15 ሜትር ያህል ብቻ ነው። ግልገል አባይ፣ ርብ፣ ጉማራና መገጭ ዋነኞቹ ገባር ወንዞቹ ናቸው። የሚወጣው ወንዝ ግን አንድ ብቻ ነው፣ እሱም አባይ። የውኃው ከፍታ በክረምት ማብቂያ፣ በመስከረም አካባቢ ከፍ ይላል፤ ክረምት ከመግባቱ በፊት ደግሞ ዝቅ ይላል። ለጀልባ ተጓዥ ይህ ትርጉም አለው፤ ውኃው ሲጎድል አንዳንድ ማረፊያዎች ላይ ጀልባው እስከ ዳር መጠጋት አይችልም።

በሐይቁ 37 ደሴቶች እንዳሉ በተለምዶ ይነገራል። ቁጥሩ ግን እንደ ውኃው መጠን የሚለዋወጥ ነው፤ ውኃው ሲጎድል ከየብስ ጋር የሚገናኙ አሉና። የጣና አካባቢ በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ሪዘርቭ ሆኖ ተመዝግቧል።

ከታንኳ እስከ ሞተር ጀልባ

የጣና ጥንታዊ መጓጓዣ ታንኳ ነው። የሚሠራው በሐይቁ ዳር ከሚበቅለው ደንገል ሲሆን፣ ደንገሉ ደርቆ በእስር በእስሩ ይጠመራል። በዚህ ሙያ በተለይ የታወቁት የነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ አባላት ናቸው። ታንኳ ውኃ ስለሚጠጣ ከእያንዳንዱ ጉዞ በኋላ ከሐይቁ ወጥቶ ፀሐይ ላይ መድረቅ አለበት፤ እንዲያም ሆኖ ዕድሜው በወራት የሚቆጠር ነው። ዛሬም ዓሣ አጥማጆችና እንጨት ጫኞች በባሕር ዳር ዳርቻ ሲቀዝፉበት ይታያል።

በዳንግላ የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ሜጀር ቺዝማን የሐይቁን ዳርቻና ደሴቶች ዞሮ ያየው በዚሁ ታንኳ ነበር። ስለ ጣናና ስለ አባይ የጻፈው መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1936 የታተመ ሲሆን፣ ስለ ደሴቶቹ ከተጻፉት ዝርዝር የጉዞ መዛግብት አንዱ ሆኖ እስካሁን ይጠቀሳል።

የጣና ደንገል ውቅያኖስም አቋርጧል። ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል የጥንት ሰዎች በደንገል ጀልባ አትላንቲክን ሊያቋርጡ ይችሉ እንደነበር ለማሳየት ሲነሳ፣ ደንገሉን ያስመጣው ከኢትዮጵያ ነበር። «ራ» የተባለችው የመጀመሪያዋ ጀልባ በ1961 ዓ.ም. ከሞሮኮ ተነስታ ካሪቢያን ሳትደርስ ተበላሸች። ሁለተኛዋ፣ «ራ ሁለት»፣ በዓመቱ ከሳፊ ወደብ ተነስታ በ57 ቀን ባርቤዶስ ደሴት ደረሰች። የባሕር ዳር አስጎብኚዎች ይህን ታሪክ ብዙ ጊዜ አይነግሩም፤ መነገር ግን ይገባው ነበር።

አሁን ጎብኚዎች የሚጠቀሙት አነስተኛ የሞተር ጀልባዎችን ነው። ኪራዩ ብዙውን ጊዜ በሰው ሳይሆን በጀልባ ስለሚቆረጥ፣ ተሰባስቦ መሄድ ወጪውን በእጅጉ ይቀንሳል። ከዚህ ሌላ ከባሕር ዳር በዘጌ፣ በደቅ፣ በቁንዝላና በደልጊ በኩል እስከ ጎርጎራ የሚደርስ የሕዝብ ማመላለሻ ጀልባ ለብዙ ዓመታት ሲሠራ ቆይቷል። ይህ ጉዞ ሌሊቱን ቁንዝላ አድሮ በማግስቱ የሚጠናቀቅ ነበር። ጭነት፣ እህልና ገበያተኛ የሚጫንበት በመሆኑ ለጎብኚ ምቾት የታሰበ አልነበረም፤ ሆኖም የሐይቁን ሕይወት ለማየት ከሞተር ጀልባው የተሻለ ነበር ማለት ይቻላል። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ «ጣናነሽ 2» የተባለች 38 ሜትር ርዝመትና 188 ሰው የመጫን አቅም ያላት ጀልባ ከጅቡቲ ወደብ በየብስ ተጭና ወደ ሐይቁ መጥታለች። በተራራና በቁልቁለት ስትጓዝ የሚያሳዩት ተንቀሳቃሽ ምስሎች በየማኅበራዊ ሚዲያው ብዙ ተመልካች አግኝተው ነበር።

ማረፊያዎች

ለባሕር ዳር ቅርብ የሆነው የደሴት ማረፊያ አባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አካባቢ ያለው ደብረ ማርያም ነው። የዚህ ቤተ ክርስቲያን ምሥረታ ወደ 14ኛው ክፍለ ዘመን የሚመለስ ሲሆን፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን እንደ ገና ተሠርቷል። በዚሁ መንገድ ላይ በተለይ ማለዳ ጉማሬ ማየት የተለመደ ነው።

ክብራን ገብርኤልና እንጦስ ኢየሱስ ፊት ለፊት የሚተያዩ ሁለት ትናንሽ ደሴቶች ናቸው። ክብራን በ14ኛው ክፍለ ዘመን በአባ ዘዮሐንስ የተመሠረተ የወንዶች ገዳም ሲሆን፣ የአሁኑ ሕንፃ ከቀዳማዊ ዐፄ ኢያሱ ዘመን ጋር ይያያዛል። ገዳሙ ከምንም በላይ የሚታወቀው በብራና መጻሕፍቱ ነው። በተለይ በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አካባቢ የተጻፈው ባለ ሥዕል ወንጌል በኢትዮጵያ የሥዕል ታሪክ ጥናት ውስጥ ትልቅ ቦታ አለው። ጀርመናዊው ምሁር ኤርንስት ሐመርሽሚት እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ የጣና ገዳማትን መጻሕፍት ፎቶግራፍ አንስቶ ዝርዝራቸውን በየቅጹ አሳትሟል። እንጦስ በአንጻሩ የሴቶች መነኮሳት ደሴት ነው፤ ሴቶች ጎብኚዎች ክብራን መግባት ስለማይችሉ ብዙውን ጊዜ እዚያ ወርደው ይጠብቃሉ።

ዘጌ ደሴት ሳይሆን ባሕረ ገብ መሬት ነው፤ ሆኖም አብዛኛው ሰው የሚደርስበት በጀልባ ስለሆነ ከደሴቶቹ ጋር ይቆጠራል። ከባሕር ዳር አንድ ሰዓት ገደማ ያስኬዳል። ከማረፊያው እስከ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ያለው የእግር መንገድ በቡና ደን ውስጥ የሚያልፍ ነው። በአካባቢው ትውፊት መሠረት አቡነ በትረ ማርያም በተቀበሉት ቃል ኪዳን የዘጌ ሰው ሳያርስ፣ በቡና፣ በጌሾና በፍራፍሬ እንዲኖር ተወስኗል። ዛሬም በባሕረ ገብ መሬቱ በሬ ጠምዶ ማረስም ሆነ ከብት ማርባት ክልክል ነው። በዙሪያው ያለው መሬት ሁሉ ታርሶ ዘጌ ላይ ደን የቀረው በዚህ ምክንያት ነው። የመንዝን ጓሳ የሚያውቅ አንባቢ ነገሩን በቀላሉ ይረዳዋል፤ እዚያም የጓሳው ሣር የሚታጨድበትን ጊዜ የሚወስነው ቀሮ የሚባለው የጋራ አጠባበቅ ሥርዓት፣ ዘመናዊ የጥበቃ ሕግ ከመምጣቱ መቶ ዓመታት በፊት መሬቱን ጠብቆ አቆይቷል። የጓሳው ሥርዓት በ1967ቱ የመሬት አዋጅ ዘመን ሲናጋ፣ የዘጌው ከሃይማኖት ጋር ስለተሳሰረ ሳይቋረጥ ቀጥሏል።

ዑራ ኪዳነ ምሕረት ክብ ቅርጽ ያለውና እንደ ሌሎቹ የአካባቢው አብያተ ክርስቲያናት ቅኔ ማኅሌት፣ ቅድስትና መቅደስ ተብሎ በሦስት የተከፈለ ነው። ጎብኚው የሚያየው የመቅደሱን የውጭ ግድግዳ የሸፈኑትን ሥዕሎች ነው። አብዛኞቹ ከ18ኛው እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን ባለው ጊዜ በጨርቅ ላይ ተስለው የተለጠፉ ናቸው። አዝዋ ማርያምና መሐል ዘጌ ጊዮርጊስም በዚያው ይገኛሉ። ግማሽ ቀን ብቻ ላለው ሰው ዘጌ ይበቃል።

ከዚህ የሚርቁት ደቅና ዳጋ ናቸው። በትንሽ ሞተር ጀልባ ከባሕር ዳር ከሁለት እስከ ሦስት ሰዓት ይወስዳል። ደቅ የሐይቁ ትልቁ ደሴት ሲሆን ገበሬዎች የሚኖሩበት ነው። በምዕራብ ጫፉ ያለውን ናርጋ ሥላሴን ያሠሩት በ18ኛው ክፍለ ዘመን እቴጌ ምንትዋብ ናቸው፤ እቴጌይቱ ራሳቸው ከእመቤታችን ሥዕል ሥር ተደፍተው የሚታዩበት ሥዕል በመቅደሱ ግድግዳ ላይ አለ።

ዳጋ እስጢፋኖስ ከደቅ በስተምሥራቅ እንደ ሾጣጣ ኮረብታ ከውኃው ብቅ ያለ ደሴት ነው። ምሥረታው ከሐይቅ እስጢፋኖሱ አባ ኢየሱስ ሞዐ ደቀ መዝሙር ከአቡነ ኂሩተ አምላክ ጋር ይያያዛል። በዕቃ ቤቱ የዐፄ ይኩኖ አምላክ፣ የዐፄ ዳዊት፣ የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ፣ የዐፄ ዘድንግልና የዐፄ ፋሲል አጽም ይገኛል። ለሰሜን ሸዋ አንባቢ ዘርዐ ያዕቆብ ሩቅ ሰው አይደሉም፤ ደብረ ብርሃንን መሥርተው መናገሻ ያደረጉና እ.ኤ.አ. በ1468 በዚያው ያረፉ ንጉሥ ናቸው። የእኝህን ንጉሥ አጽም ለማየት ግን ከደብረ ብርሃን እስከ ጣና መሄድ ያስፈልጋል። ለዚያውም ወንድ ለሆነ ብቻ ነው፤ ዳጋ ለሴቶች ዝግ ነው።

በምሥራቁ ዳርቻ ያለው ጣና ቂርቆስ በትውፊት ከሁሉም የቀደመው ነው። ታቦተ ጽዮን ወደ አክሱም ከመሄዷ በፊት ለብዙ መቶ ዓመታት እዚህ እንደ ቆየች፣ እመቤታችንም በስደቷ ዘመን እንዳረፈችበት ይተረካል። ከዚህ ሌላ በሬማ መድኃኔ ዓለም የዐፄ ሠርፀ ድንግል መቃብር አለ።

የጉዞው ሰሜናዊ ጫፍ ጎርጎራ ነው። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ዐፄ ሱስንዮስና የካቶሊክ ሚስዮናውያን የተቀመጡበት አካባቢ ሲሆን፣ የሕንፃዎቻቸው ፍርስራሽ ይታያል። የደብረ ሲና ማርያም ሥዕሎች በዚሁ ክፍለ ዘመን የዐፄ ፋሲል እኅት በሆኑት በመለኮታዊት ያሠሯቸው ናቸው። በቅርብ ዓመታት በገበታ ለሀገር ፕሮጀክት በጎርጎራ የመዝናኛ ሪዞርት ተገንብቷል።

የሴቶች ክልከላ

ክብራን ገብርኤል፣ ዳጋ እስጢፋኖስና ጣና ቂርቆስ ሴቶች የማይገቡባቸው ናቸው። በግሪክ ያለው የአቶስ ተራራ የመነኮሳት ግዛትም ተመሳሳይ ሕግ አለው፤ እዚያ ሴት ጎብኚዎች በመርከብ ዳርቻውን እየዞሩ ገዳማቱን ከሩቅ ያያሉ። በጣና የሚነሳው ጥያቄ ከሥርዓቱ ይልቅ ስለ አስጎብኚዎች ነው። የአንድ ቀን ሙሉ የጀልባ ሒሳብ ከፍላ ማረፊያው ዳር ከደረሰች በኋላ መግባት እንደማትችል የሚነገራት ሴት ተጓዥ ብዙ ናት። ከመነሳት በፊት የትኞቹ ደሴቶች ለሁሉም ክፍት እንደሆኑ መጠየቅ ይህን ያስቀራል። ደብረ ማርያም፣ እንጦስ፣ ናርጋ ሥላሴና የዘጌ አብያተ ክርስቲያናት ለሴቶችም ክፍት ናቸው።

በሁሉም ቦታ ጫማ ይወልቃል። የመግቢያ ክፍያ በየገዳሙ ለየብቻ ነው። በበዓላት፣ ለምሳሌ በየካቲት 16 በኪዳነ ምሕረት፣ በታኅሣሥ 19 በገብርኤልና በሐምሌ 7 በሥላሴ፣ ጀልባዎቹ የሚሞሉት በአገር ጎብኚ ሳይሆን በተሳላሚ ነው። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ስለሚነሳና ማዕበሉ ለትንሽ ጀልባ ስለሚከብድ፣ ራቅ ወዳሉት ደሴቶች የሚሄድ ሰው በማለዳ መነሳት አለበት። የነፍስ አድን ጃኬት ለእያንዳንዱ ሰው መኖሩን መቁጠርም አይከፋም።

ችግሮች

እምቦጭ የተባለው መጤ አረም በሐይቁ ላይ ከታወቀ ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ በተለይ የሰሜን ምሥራቁን ዳርቻ በየዓመቱ እየሸፈነ ዓሣ አጥማጆችንና ጀልባዎችን መንገድ ዘግቷል። በሰው ጉልበትም በማሽንም ቢነቀል ተመልሶ ይመጣል። በ1988 ዓ.ም. በአባይ መውጫ ላይ የተሠራው የጨረጨራ ግድብና በ2002 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የጣና በለስ የኤሌክትሪክ ማመንጫ የሐይቁን ውኃ አወጣጥ ለውጠውታል። ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚርቀው የጢስ አባይ ፏፏቴም ከዚህ የተነሳ በብዙው የዓመቱ ክፍል ድሮ የነበረው ግርማ የለውም፤ ለማየት የሚሻለው በክረምት ማብቂያ ነው።

የጎብኚው ቁጥር በኮቪድ-19 ወረርሽኝ፣ ቀጥሎም በሰሜኑ ጦርነት ቀንሶ ነበር። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በአማራ ክልል የተከሰተው ግጭት ደግሞ የጀልባ ባለቤቶችን፣ አስጎብኚዎችንና በዘጌ መንገድ ዳር የእጅ ሥራና ቡና ይሸጡ የነበሩ ቤተሰቦችን ገቢ ክፉኛ ጎድቷል። ስለዚህ ከመጓዝ በፊት የየብሱንም የሐይቁንም ሁኔታ ማጣራት የግድ ነው።

ከሰሜን ሸዋ ወደ ጣና

ከመርሐቤቴ የሚነሳ ሰው አዲስ አበባ መግባት አያስፈልገውም። ከዓለም ከተማ ጀማን ተሻግሮ በለሚ በኩል ሙከ ጡሪ ሲወጣ የጎጃሙን መንገድ ያገኛል። ከዚያ በፍቼና በጎሐ ጽዮን አድርጎ የአባይን በረሃ ወርዶ ደጀን ይወጣል። ከደጀን በደብረ ማርቆስ ወይም በሞጣ በኩል ባሕር ዳር ይደረሳል፤ የሞጣው ያጥራል። ከመንዝና ከግሼ ግን የተለመደው መንገድ በጣርማ በር ደብረ ብርሃን ወርዶ በአዲስ አበባ የሚዞረው ነው። ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ያህል ይፈጃል።