ትልቅ ጎማ ብቻውን ጭቃ አያሻግርም
(ስለ ባሌ መንገድ፣ ስለ ጭነት መኪናና ስለ ጎማ የተጻፈ አጭር ታሪክ)



እንደሚታወቀው የዕድር ሥራ ድንኳን መትከልና ለቀስተኛ መቀበል ብቻ አይደለም። ሬሳ ከሩቅ ማምጣት፣ በሽተኛ ወደ ጎባ ሆስፒታል ማድረስም የዕድር ሥራ ነው። ይህ ሁሉ የሚሆነው በመኪና ነው። መኪና ደግሞ እንደ መንገዱ ነው። ባለፈው ጉባኤ አንዳንድ አባሎቻችን የዕድራችንን መኪና በክረምት ጭቃው እንዳያስቸግራት ትልቅ ጎማ እናልብሳት የሚል ሐሳብ አቅርበው፣ ጉዳዩ ለሚቀጥለው ጉባኤ ማደሩን ታስታውሳላችሁ። ሐሳቡ ከቅን ልቦና የመጣ ነው። ነገር ግን ድምፅ ከመስጠታችን በፊት የነገሩን ታሪክ ማወቅ ይጠቅማል ብለን ይህችን ጽሑፍ አዘጋጅተናል።

መኪና ወደ አገራችን እንዴት ገባ

የመጀመሪያዪቱን አውቶሞቢል ወደ አዲስ አበባ ያመጣት ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ ነው። በ1900 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተነሥቶ በረሃውን አቋርጦ ለዐፄ ምኒልክ አስረከባት። በዚያን ጊዜ ለመኪና ተብሎ የተሠራ መንገድ አልነበረም። እንግዲህ ገና ከመነሻው በእኛ አገር መኪናው ነው መንገዱን መምሰል የነበረበት፤ መንገዱ መኪናውን አልጠበቀውም።

ከባድ የጭነት መኪና በብዛት የታየው ኢጣልያ አገራችንን በወረረበት ጊዜ፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ነው። ከእነዚያ መኪኖች አንዱ ፊያት 634 ነበር። ሕዝቡ ከቁጥሩ መጨረሻ ወስዶ «ትሬንታ ኳትሮ» አለው፤ በጣልያንኛ ሠላሳ አራት ማለት ነው። ሞተሩ ናፍጣ ሲሆን ጉልበቱ ከ75 እስከ 80 ፈረስ ብቻ ነበር። ዛሬ አንዲት ትንሽ የቤት አውቶሞቢል ከዚያ የበለጠ ጉልበት አላት። ታዲያ በዚያች ጉልበት ያን ሁሉ ኩንታል እንዴት ጎተተ ቢባል፣ ምስጢሩ ማርሹ ነው። በጣም ቀስ ብሎ ይሄድ ነበር፤ ነገር ግን ማርሹ ከባድ ስለነበረ ዳገቱን ይወጣዋል። ጣልያን ሲወጣ መኪኖቹም የመካኒኮቹም ቋንቋ ቀሩልን። ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ባሌስትራ፣ ቸርኬ፣ ኩሽኔታ፣ ከመነዳሪ የምንላቸው ሁሉ የዚያ ዘመን ቅርሶች ናቸው።

በ1943 ዓ.ም. የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቋመ፤ መንገድ በደንብ መጠገንና መሠራትም ጀመረ። ቀጥሎ ፊያት 682 መጣ። ይህንንም ሕዝቡ «ኤንትሬ» ብሎ ሰየመው። ኤንትሬና ተሳቢው ለብዙ ዓመታት የአገሪቱን እህል፣ ቡና፣ ጨውና ሲሚንቶ ተሸክመዋል። የዕድሜ እኩዮቻችን የኤንትሬን ድምፅ ከሩቅ ሰምተው የማን መኪና እንደመጣ ያውቁ ነበር ቢባል ማጋነን አይደለም።

የባሌ መንገድ ለምን ከሌላው ይለያል

ከሮቤ ጎባ ቅርብ ነው፤ ሜዳ ነው። ከጎባ ወደ ደሎ መና ስንወርድ ግን ነገሩ ሌላ ነው። መንገዱ መጀመሪያ ወደ ሰነቴ አምባ ይወጣል። ሰነቴ ከባሕር ጠለል በላይ ከ4,000 ሜትር ይበልጣል፤ አጠገቡ ያለው ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ነው። ከዚያ በሪራ በኩል ወደ ሐረና ጫካ ይወርዳል፤ ደሎ መና ሲደርስ ከፍታው 1,300 ሜትር ያህል ብቻ ይሆናል። ከደሎ መና ወደ እኛ ብድሬ፣ ከብድሬም ወደ ገናሌና ወደ ነገሌ ቦረና ሲሄዱ ቆላው ይቀጥላል። እንግዲህ አንድ ሾፌር በአንድ ቀን ብርድና ሙቀት፣ ዳገትና ቁልቁለት፣ ጠጠርና ጭቃ ሁሉንም ያያል ማለት ነው።

ሰነቴ ላይ አየሩ ስስ ነው፤ ግፊቱ በባሕር ዳርቻ ካለው ወደ 60 በመቶ ግድም ነው። ሞተር ደግሞ እንደ ሰው ይተነፍሳል። ቱርቦ የሌለው ሞተር እዚያ ሲደርስ ከጉልበቱ ሢሶውን ያህል ያጣል። ጥቁር ጭስ እየተፋ የሚያቃስተው ለዚህ ነው።

ወደ ሮቤና ሲናና ሜዳ ስንመለስ ችግሩ ዋልካው ነው። ባሌ ዝናብ በዓመት ሁለት ጊዜ ያገኛል፤ አዝመራውም ሁለት ጊዜ ነው። ስለዚህ ስንዴና ገብስ የሚጫነው ብዙ ጊዜ መሬቱ ሳይደርቅ ነው። ዋልካ ጎማን ይይዛል፣ ይጠቀለልበታል፣ የጎማውን ጥርስ ሞልቶ እንደ ድስት ለስላሳ ያደርገዋል።

ከ1955 እስከ 1962 ዓ.ም. በባሌ ገበሬዎች አመፅ ጊዜም የመንግሥት ጦር መኪና በቆላው ጫካና ገደል እንደ ልቡ መንቀሳቀስ አልቻለም ነበር። መንገድ ማጣት የታሪክንም አካሄድ ይለውጣል።

ላንድሮቨርና ኡራል ያስተማሩን

ላንድሮቨር በዓለም ገበያ የወጣው በ1940 ዓ.ም. ነው። ለቆላው ሕዝብ እንደ አውቶቡስም፣ እንደ አምቡላንስም፣ እንደ ሬሳ መኪናም አገልግሏል። ሁለት ዓይነት ማርሽ ነበረው፤ አንዱ ለደህና መንገድ፣ ሌላው ለጭቃና ለዳገት። ዋናው ድካሙ የኋላ የአክስል ዘንጉ ነበር። ብዙ ጭኖ በከባድ ማርሽ ጭቃ ውስጥ ሲታገል ዘንጉ እንደ ሸንኮራ አገዳ ይቆረጣል። እኛ በአንድ መሥሪያ ቤት በጽሕፈት ሥራ ስናገለግል የመለዋወጫ መጠየቂያ እንጽፍ ነበር፤ ይኸው ዘንግ ከዝርዝሩ ጠፍቶ አያውቅም። ፋብሪካውም ይህን አይቶ በኋላ ለረጅሙ ላንድሮቨር ሳልስበሪ የተባለ ወፍራምና ጠንካራ የኋላ አክስል አደረገለት። ልብ በሉ፤ ፋብሪካው ጎማ ብቻ አላሳደገም፤ ተሸካሚውን አጠነከረ።

ሁለተኛው አስተማሪ ኡራል ነው። በሶማሌ ወረራ ጊዜ፣ ከ1970 ዓ.ም. ጀምሮ ከሶቪየት ኅብረት በብዛት የመጣው የወታደር መኪና ማለት ነው። ኡራል 375 ስድስቱም እግሩ ይነዳል። ጎማው 14.00-20 የሚባለው ሲሆን ቁመቱ ከአንድ ሜትር ከሃያ ሳንቲ ሜትር ይበልጣል፤ የልጅ ቁመት ያህላል። ሾፌሩ ጋቢና ውስጥ እንደተቀመጠ የጎማውን ንፋስ ይቀንሳል፣ ይጨምራል። ጭቃ ሲያይ ይቀንስና ጎማው ይንጣለላል፤ ጠጠር ሲያገኝ መልሶ ይሞላል። ይህን ያየ ሰው ሁሉ «ምስጢሩ ጎማው ነው» ይል ነበር። እውነቱ ግን ግማሹ ብቻ ነው። የኡራል አክስል ውስጥ ማርሹ ሁለት ጊዜ ይቀንሳል፤ ካርዳኑ ወደ ዘጠኝ ጊዜ ግድም ሲዞር ነው ጎማው አንድ ጊዜ የሚዞረው። አክስሉም ዘንጉም ፍሬኑም ከመጀመሪያው ለዚያ ጎማ ተብለው የተሠሩ ናቸው። ዋጋው ደግሞ በቤንዚን ይከፈላል፤ ለ100 ኪሎ ሜትር ከ50 ሊትር በላይ ይጠጣል።

ሩቅ ሳንሄድ የሮቤ ገበሬ ትራክተሩን ይመልከት። የኋላ ጎማው በጣም ትልቅ ነው፤ ሞተሩ ግን መጠነኛ ነው። የሚሠራው በአክስሉ ውስጥ ማርሹ ብዙ ጊዜ ስለሚቀንስ ነው።

ጎማ ሲያድግ ምን ይሆናል

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ። ዛሬ አንዳንድ ወጣት ሾፌሮች በአይሱዙም በፒክአፕም ላይ ከፋብሪካው መጠን የበለጠ ጎማ ይገጥማሉ። አይሱዙን ሕዝቡ በአደጋው ብዛት «አልቃይዳ» ብሎ መሰየሙን ሁላችንም እናውቃለን። ስሙ የመኪናው ጥፋት አይደለም፤ የአነዳዱና የአጫጫኑ ነው እንጂ።

ሒሳቡ ቀላል ነው። የጎማው ቁመት 80 ሳንቲ ሜትር ነበር እንበል። 88 ሳንቲ ሜትር ስናደርገው በአሥር በመቶ አደገ ማለት ነው። ጥቅሙ፦ አክስሉ ከመሬት በ4 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይላል፤ ድንጋይ አይነካውም። ባሌስትራ መደራረብ የመኪናውን አካል ከፍ ያደርጋል እንጂ አክስሉን ከፍ አያደርግም፤ አክስልን ከፍ የሚያደርገው ጎማ ብቻ ነው። እስከዚህ ድረስ ወጣቶቹ እውነት አላቸው።

ጉዳቱስ? አንደኛ፣ መኪናው መሬቱን የሚገፋበት ኃይል በአሥር በመቶ ግድም ይቀንሳል። ሰነቴ ላይ ሞተሩ ሢሶውን አጥቷል፤ በዚያ ላይ ይህ ሲጨመር ዳገቱ መሀል ላይ ይቆማል፤ ፍሪሲዮኑም ይቃጠላል። ሁለተኛ፣ ጎማው ጭቃ ወይም ድንጋይ ላይ ሲይዝ በዘንጉና በኩሽኔታው ላይ የሚወርደው ሸክም ይጨምራል። ሦስተኛውና የሚያስፈራው ፍሬን ነው። ፍሬኑ ያው የድሮው ሆኖ ጎማው ሲያድግ፣ ለማቆም አሥር በመቶ ያህል የበለጠ ጉልበት ይፈልጋል። ሞተሩ በማርሽ የሚይዘውም ያንኑ ያህል ይላላል። ከሰነቴ ወደ ሐረና ለሚወርድ፣ 2,700 ሜትር ያህል ቁልቁለት ለሚጠብቀው መኪና ይህ ቀልድ አይደለም። አራተኛ፣ የፍጥነት መለኪያው ይዋሻል፤ 60 ሲያሳይ እውነተኛው 66 ነው።

መድኃኒቱስ ምንድን ነው? ዲፈረንሻል ውስጥ ያሉትን ኮሮናና ፒኞን መለወጥ ነው። ኮሮናው 41 ጥርስ፣ ፒኞኑ 10 ጥርስ ከሆነ ፒኞኑ 4.1 ጊዜ ሲዞር ጎማው አንድ ጊዜ ይዞራል። ፒኞኑ 9 ጥርስ ከሆነ 4.56 ይሆናል። ይህም ለአሥር በመቶው ጎማ ማካካሻ ይበቃል፤ የጠፋው ጉልበት ይመለሳል። ሆኖም ሦስት ነገር አይዘንጋ። መኪናዋ በፊትም በኋላም የምትነዳ ከሆነች የሁለቱም አክስል ማርሽ እኩል መሆን አለበት፤ አለዚያ ካምቢዮውንና ዘንጎቹን ትሰባብራለች። ፒኞን ጥርሱ ባነሰ ቁጥር ራሱ ትንሽ ይሆናል፤ ስለዚህ ጭነት ማብዛት አይቻልም። የማርሹ መለወጥም ፍሬኑን አያጠነክረውም፤ ፍሬን ለብቻው መታየት አለበት።

በዓለም ላይ በዚህ ሥራ የታወቁት የአይስላንድ ሰዎች ናቸው። በበረዶ ላይ ለመሄድ በፒክአፕና በጂፕ ላይ እጅግ ትልልቅ ጎማ ይገጥማሉ፤ ንፋሱንም በጣም ቀንሰው በበረዶው ላይ ይንሳፈፋሉ። በ1999 ዓ.ም. እንዲህ ተደርጎ የተሠራ ቶዮታ ፒክአፕ በሰሜን ማግኔታዊ ዋልታ አካባቢ ድረስ ተነድቷል። ነገር ግን ማርሹንም አክስሉንም አብረው ይለውጣሉ፤ መኪናውም ተመርምሮ እንደተለወጠ ይመዘገባል። እኛ ከእነሱ ጎማውን አይተን ምርመራውን ከተውን፣ ከጋሻው ጌጡን ወስደን ቆዳውን የጣልን እንሆናለን።

ስለዚህ ምን ይሻለናል

በበኩላችን ለጉባኤው የምናቀርበው ሐሳብ የሚከተለው ነው።

1ኛ. የዕድራችን መኪና የፋብሪካ መጠኗን ጎማ እንደያዘች ትቆይ። ለጭቃ ጥርሱ ጥልቅ የሆነ ጎማ በዚያው መጠን ይገኛል።

2ኛ. የጭቃ ሰንሰለት ይገዛላት። የጎማ መንፊያም ይኑራት፤ ሾፌሩ ጭቃ ሲገባ ንፋስ ቀንሶ፣ ጠጠር ሲደርስ እንዲሞላ። ኡራል በጋቢና የሚሠራውን እኛ በእጅ መሥራት አያቅተንም።

3ኛ. ገንዘቡ ኖሮን ትልቅ ጎማ ይደረግ ከተባለ፣ ኮሮናና ፒኞኑ፣ ዘንጉ፣ ኩሽኔታውና ፍሬኑ በአንድ ጊዜ፣ በሚያውቅ መካኒክ ይሠራ፤ ዓመታዊ ምርመራም ሳታልፍ አትንቀሳቀስ። ግማሽ ሥራ ከምንሠራ ባንሠራ ይሻላል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የተባለው ለመኪና ዕቃም ይሠራል።

4ኛ. ልጆቻቸው ሾፌር የሆኑ አባሎቻችን ይህን ጽሑፍ ያንብቡላቸው። ቁልቁለት ሲጀምሩ በ1ኛና በ2ኛ ማርሽ ይውረዱ፤ ፍሬን ላይ ቆመው አይውረዱ። የገጠሙትንም ጎማ ለአሠሪያቸው ሳይሆን ለእናታቸው ያስቡ።

ዕድር የተቋቋመው የሞተውን በክብር ለመሸኘት ነው። ከሰነቴ ቁልቁለት ሥር የወጣት ሬሳ ማንሳት ግን ለማንም ዕድር የሚመኙት ሥራ አይደለም። መዝገባችን ላይ የሚጻፈው ስም ዕድሜ ጠግቦ የሄደ ሰው ስም ይሁን።

ለሁላችሁም ጤና፣ ለመንገደኞቻችን ቀና መንገድ ይስጥልን። ቸር ያሰንብተን።