ውኃና የዐለት አቧራ

ዐለት መቆፈር ከጥንት ጀምሮ የሳንባ ጠንቅ ቢሆንም፣ ጉዳቱ እጅግ የከፋው መሰርሰሪያው በታመቀ አየር መሥራት ከጀመረበት ከ19ኛው ምዕተ ዓመት ማብቂያ ወዲህ ነው። በመዶሻና በመሮ የሚሠራው ሰው የሚያስነሣው አቧራ በጉልበቱ ልክ ነበር፤ መኪናው ግን ጉልበት አያውቅም። የአሜሪካ ማዕድን ቆፋሪዎች መሣሪያውን «መበለት አድራጊ» ሲሉ መጥራታቸው ያለ ምክንያት አልነበረም።

የኮሎራዶው ጆን ጆርጅ ሌይነር በ1890ዎቹ ዓመታት (በአውሮፓ አቆጣጠር) ውስጠ ክፍት ዘንግ ያለው መሰርሰሪያ ሠራ። በዘንጉ ውስጥ የሚያልፈው አየር ፍርፋሪውን ከጉድጓዱ ጠርጎ ያወጣል፤ ሥራውም ይፈጥናል። ነገር ግን ዱቄቱ ሁሉ በሠራተኛው ፊት ላይ ስለሚበተን ቆፋሪዎቹ አንሠራበትም አሉ። በዚህም ሌይነር በዚያው ክፍተት ከአየሩ ጋር ውኃ እንዲያልፍ አደረገ። ሠራተኞቹ እምቢ ባይሉ ኖሮ ውኃው መቼ ይጨመር እንደነበር መገመት ያዳግታል።

የዘዴው ብልኃት ያለው ውኃው በሚደርስበት ቦታ ላይ ነው። ወደ ሳንባ ጥልቅ ክፍል የሚዘልቀው የሲሊካ ብናኝ ከሚሊሜትር አንድ መቶኛ ያነሰ በመሆኑ ዓይን አያየውም፤ አንዴ አየር ላይ ከወጣም ለሰዓታት ሳይሰፍር ይንሳፈፋል። ስለዚህ ሊያዝ የሚገባው በመሰርሰሪያው ጫፍ፣ ገና ከዐለቱ ሲለይ ነው።

ይህ ከታወቀ ከ30 ዓመታት በኋላ፣ በ1930 በዌስት ቨርጂኒያ የሆክስ ኔስት የውኃ ኃይል ዋሻ ሲጀመር፣ 5 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝመው መንገድ ሲሊካ በበዛበት ዐለት ውስጥ ያልፍ ነበር። ከመሬት በታች ከሠሩት 3,000 ያህል ሰዎች አብዛኞቹ ሥራ ፍለጋ የመጡ ጥቁር አሜሪካውያን ነበሩ። በ1936 በአሜሪካ ምክር ቤት ፊት የቀረቡ ምስክሮች እንደተናገሩት፣ ውኃ ሥራውን ያዘገያል ተብሎ ዐለቱ በደረቁ ይሰረሰር ነበር፤ ወደ ዋሻው የሚገቡ መሐንዲሶች የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ ሲያደርጉ ለቆፋሪዎቹ ግን አልተሰጣቸውም። የጉባኤው ምርመራ የሟቾቹን ቁጥር 476 አድርሶታል፤ ሐኪሙ ማርቲን ቸርኒያክ በ1986 ባሳተመው መጽሐፍ ደግሞ 764 ብሎ ገምቷል።

አሜሪካ በ2016 ባወጣችው የሲሊካ ደንብ፣ በ8 ሰዓት የሥራ ቀን በአማካይ የተፈቀደው መጠን በአንድ ሜትር ኩብ አየር 50 ማይክሮግራም ነው። አሠሪው መጀመሪያ ውኃን ወይም የአቧራ መምጠጫን የመሰለ መሣሪያ ማቅረብ ይኖርበታል፤ መሸፈኛ የሚታደለው ይህ ሳይበቃ ሲቀር ነው።