ኒክ ቸብ

ኒክ ቸብ (ዲሴምበር 27 ቀን 1995 እ.ኤ.አ. የተወለደ) አሜሪካዊ የአሜሪካ እግር ኳስ ተጫዋች ነው። ቦታው ራኒንግ ባክ ይባላል፤ ኳሱን በእጁ ይዞ የተጋጣሚን መስመር ሰብሮ የሚሮጥ ማለት ነው። በ2014 ለጆርጂያ ዩኒቨርሲቲ መጫወት በጀመረበት ዓመት 1,547 ያርድ ሮጧል (1 ያርድ 91 ሴንቲሜትር ያህል ነው)።

የጉልበት ጉዳት

ኦክቶበር 10 ቀን 2015 ከቴኔሲ ጋር በኖክስቪል በተደረገው ጨዋታ፣ ቡድኑ ኳስ ይዞ ባደረገው የመጀመሪያ ሙከራ ላይ የግራ ጉልበቱ ታጠፈ። የኋለኛው መስቀለኛ ጅማትን ጨምሮ በርካታ ጅማቶች ተጎዱ። ብዙ ስፖርተኞችን ከሜዳ የሚያርቀው የፊተኛው መስቀለኛ ጅማት ግን ተርፏል። ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት የዓመቱን ቀሪ ጨዋታዎች ሳይጫወት ቀረ።

መመለስ

11 ወር ሳይሞላው፣ ሴፕቴምበር 3 ቀን 2016፣ በአትላንታ ከኖርዝ ካሮላይና ጋር ተሰልፎ 32 ጊዜ ኳስ ይዞ 222 ያርድ ሮጠ፤ ጆርጂያም 33 ለ 24 አሸነፈ። ይህ ጨዋታ ሙሉ በሙሉ ያገገመ ቢያስመስለውም አኃዙ ሌላ ያሳያል። ከጉዳቱ በፊት በ2014 በአንድ ሩጫ በአማካይ 7.1 ያርድ ይጓዝ የነበረው ቸብ፣ በ2016 ወደ 5.0 ወርዶ ነበር። ወደ ፕሮፌሽናል ሊግ ከመሄድ ይልቅ ለአራተኛ ዓመት ኮሌጅ ቆየና በ2017 አማካዩን ወደ 6.0 መለሰ። በኮሌጅ ቆይታው በድምሩ 4,769 ያርድ ሮጧል፤ በዩኒቨርሲቲው ታሪክ የሚበልጠው ኸርሼል ዎከር ብቻ ነው።

በ2018 ክሊቭላንድ ብራውንስ በ35ኛ ምርጫ ወሰደው። ሴፕቴምበር 2023 ያው ግራ ጉልበቱ እንደገና ተጎድቶ፣ ወደ ሜዳ የተመለሰው ኦክቶበር 2024 ነው።