በእንግሊዝኛ አሉታዊ ዓረፍተ ነገር የተውሳከ ግስ ቦታ ትርጉምን እንዴት ይለውጣል?

የጌዴኦ ዞን ቡና ለገበያ የሚቀርበው በሁለት መንገድ ተዘጋጅቶ ነው፤ ታጥቦ ወይም በጀንፈል ደርቆ። ስለ አንድ ቡና በእንግሊዝኛ «ዘ ኮፊ ዋዝ ሲምፕሊ ኖት ዋሽድ» ተብሎ ቢጻፍ «ቡናው ጭራሽ አልታጠበም» ማለት ነው። «ዘ ኮፊ ዋዝ ኖት ሲምፕሊ ዋሽድ» ቢባል ግን «ቡናው የተደረገለት መታጠብ ብቻ አይደለም» የሚል ትርጉም ይሰጣል። ቃላቱ አንድ ናቸው፤ የተለወጠው የ«ሲምፕሊ» ቦታ ብቻ ነው። ገዢው የሚረዳው ግን ሁለት የተለያየ ቡና ነው።

ተውሳከ ግስ አንድ ድርጊት እንዴት፣ መቼ ወይም ምን ያህል ጊዜ እንደተፈጸመ የሚገልጽ ቃል ነው። በእንግሊዝኛ አፍራሹ ቃል «ኖት» በአብዛኛው የሚያፈርሰው ከእርሱ በኋላ የሚመጣውን ነው። ተውሳከ ግሱ ከ«ኖት» ቀድሞ ከገባ ከአሉታው ውጭ ይቆማል፤ ተከትሎ ከገባ ግን ራሱም ይፈርሳል።

ሆን ብሎ ወይስ ሳያውቅ?

«ሂ ዴሊበሬትሊ ዲድ ኖት ፒክ ግሪን ቼሪስ» ሲባል ለቃሚው ያልበሰለውን ፍሬ አውቆ ትቶታል፤ ይህ ምስጋና ነው። «ሂ ዲድ ኖት ዴሊበሬትሊ ፒክ ግሪን ቼሪስ» ሲባል ግን ያልበሰለውን ለቅሟል፣ ነገር ግን ሆን ብሎ አይደለም፤ ይህ ይቅርታ ነው።

ክፍያን በሚመለከትም ልዩነቱ ቀላል አይደለም። «ዘ ባየር ኦፈን ዳዝ ኖት ፔይ ኦን ታይም» ማለት ገዢው ብዙ ጊዜ ክፍያ ያዘገያል ማለት ነው፤ ብዙ ጊዜ በወቅቱ የከፈለ መሆኑን ግን አይክድም። «ዳዝ ኖት ኦፈን ፔይ ኦን ታይም» ከተባለ በወቅቱ የሚከፍለው ከስንት አንዴ ነው።

ችግሩ ከየት ይመጣል?

በአማርኛም ሆነ በጌዴኡፋ ግስ የሚቀመጠው በዓረፍተ ነገር መጨረሻ ነው። በአማርኛ አሉታ «አልለቀመም» እንደሚለው ከግሱ ጋር ይጣበቃል፤ ተውሳከ ግሱም ምንጊዜም ከፊቱ ይገኛል። ስለዚህ አማርኛ ልዩነቱን የሚያሳየው በቃል ቦታ ሳይሆን በሌላ አነጋገር ነው፦ «ሆን ብሎ አልለቀመም» እና «የለቀመው ሆን ብሎ አይደለም»።

ይህ ልዩነት ለተማሪም ሆነ ለደብዳቤ ጸሐፊ መፈተኛ ይሆናል። ሐሳቡን አስቀድሞ በአማርኛ መጻፍ ይበጃል። «አይደለም» ተውሳከ ግሱን ራሱን የሚያፈርስ ከሆነ በእንግሊዝኛው ተውሳከ ግሱ ከ«ኖት» በኋላ ይገባል፤ አለዚያ ከ«ኖት» በፊት ይቀመጣል።

ሁሉም ተውሳከ ግስ ግን ቦታ አይቀያይርም። «ገና» የሚል ሐሳብ ያለው «ስቲል» ከአሉታው በፊት፣ «የት» ደግሞ ከአሉታው በኋላ ይገባሉ። «ምናልባት» የሚለው «ፕሮባብሊ»ም ዘወትር ከ«ኖት» ይቀድማል። እነዚህን እንደ አገባባቸው መልመድ ያስፈልጋል።