ሸክላ ሠሪዋ በየትኛው ሠንጠረዥ ትገባለች?
ስለ አንኮበር ባለእጆችና ስለ አንድ የአሜሪካ ክስ



ለሁለተኛ ዲግሪ አሜሪካ ሄጄ መጀመሪያ የወሰድኩት ኮርስ በዚያ አገር ስላለው የዘር፣ የብሔርና የጾታ ብዝኃነት ነበር። ትምህርቱ ግን ለእኔ የጀመረው ክፍል ከመግባቴ በፊት፣ ምዝገባ ላይ ነው። ቅጽ ሰጡኝና ከሳጥኖቹ በአንዱ ላይ ምልክት አድርግ ተባልኩ። አገር ቤት እኔ ጠይም ነኝ፤ ታናሽ ወንድሜ ቀይ፣ አባታችን ጥቁር። በዚያች ወረቀት ቢሆን ሦስታችንም ጥቁር ሆነን እናርፈዋለን። ሳቄ መጣ። እያደር ስረዳው ግን የሚያስቅ አልነበረም።

ሳጥኑ ረጅም ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1790 የተደረገው የመጀመሪያው የአሜሪካ ሕዝብ ቆጠራ ሰውን የከፈለው ነጻ ነጮች፣ ሌሎች ነጻ ሰዎችና ባሮች ብሎ ነው። ነጭ ወንዶችን እንኳ ከ16 ዓመት በላይና በታች ብሎ ለየ፤ ነጭ ሴቶችን ግን በጅምላ ቆጠረ። አንድ ሰው ከአንድ በላይ የዘር ሳጥን መሙላት የተፈቀደለት እ.ኤ.አ. በ2000 ነው። ሁለት መቶ አሥር ዓመት!

ከኮርሱ ሁሉ እስከ ዛሬ ያልለቀቀኝ ግን አንድ ክስ ነው። ኤማ ደግራፈንሪድና አራት ሌሎች ጥቁር ሴቶች ጄኔራል ሞተርስን ከሰሱ። ኩባንያው እ.ኤ.አ. ከ1964 በፊት ጥቁር ሴት አልቀጠረም፤ በኋላ ሠራተኛ ሲቀንስ ደግሞ መጨረሻ የገባ መጀመሪያ ይውጣ አለ። መጨረሻ የገቡት እነማን እንደሆኑ ግልጽ ነው። ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1976 ምን አለ? በዘር መክሰስ ትችላላችሁ፣ በጾታም ትችላላችሁ፤ ሁለቱን ደርባችሁ ግን አትችሉም። ኩባንያው ሴቶችን ቀጥሯል፤ ነጮች ናቸው እንጂ። ጥቁሮችንም ቀጥሯል፤ ወንዶች ናቸው እንጂ። የሕግ ምሁሯ ኪምበርሌ ክሬንሾ እ.ኤ.አ. በ1989 ባሳተመችው ጽሑፍ ይህን ክስ ይዛ፣ ሁለት መስመሮች የሚገናኙበት ቦታ ላይ የቆመ ሰው ከሁለቱም መስመር ውጪ ሊሆን እንደሚችል አሳየች።

ክፍሉ ውስጥ ሁሉም የየአገሩን ምሳሌ አምጣ ተባለ። እኔ በኩራት አንኮበርን አነሳሁ። የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ከተማ! ክርስቲያኑ ንጉሥ የታሰሩ ወንድሞቹን ጎንቾ ላይ የሚያስጠብቀው በሙስሊሙ የይፋት ገዥ በወላስማ መሐመድ ነበር። ቁልቁል ሲወረድ ከአልዩ አምባ ገበያ የአርጎባ ነጋዴ፣ ከታጁራ ቅፍለት ጋር የመጣ አፋር፣ የሐረር ሰው፣ ኦሮሞና አማራ ይገናኛሉ። አብዱረሱል ከተባለው ገበያ ሰው ይሸጥ እንደነበርም አልደበቅሁም። ባርነት በአዋጅ የተሻረው በ1934 ዓ.ም. ነው። ንግግሬ ጥሩ ነበር፤ ተጨበጨበልኝ። ከዚያ ፕሮፌሰሯ አንድ ጥያቄ ጣል አደረገች፦ «አያትህ ቤታቸው የማያስገቡት ማንን ነበር?»

ምን ልበላችሁ፣ መልሱ ወዲያው ነው የመጣልኝ። ሸክላ ሠሪዋን።

አያቴ ጎረቤላ አጠገብ ነው የኖረችው። ምጣዱን፣ ጀበናውን፣ እንስራውን የምትገዛው ከአንዲት ሴት ነበር። ሴትዮዋ ሸክላዋን ደጅ ታወርዳለች፤ አያቴ እህሉን ከፍ አድርጋ ቁናው ውስጥ ታፈስላታለች። እጃቸው አይነካካም። ቡና እየፈላ እንኳ «ግቢ» አትባልም። ቤቱ ውስጥ ሕፃን ካለ ይሸፈናል፤ ዓይኗ እንዳያርፍበት። አያቴ ደግ ሴት ነበረች፤ መንገደኛ ሁሉ የሚያድርባት። የፈላው ቡና ጀበናም የዚያችው ሴት ሥራ ነው። እኔም ለምን ብዬ ጠይቄ አላውቅም።

«ጠይብ» የሚለው ቃል ከ«ጠቢብ» የመጣ ነው ይባላል፤ ስድብ ሆኖ ቀረ እንጂ። ባል ብረት ቀጥቃጭ፣ ሚስት ሸክላ ሠሪ። አማርኛ ይናገራሉ፤ ቤተ ክርስቲያን ይስማሉ። ሆኖም ቡዳ ናቸው፣ ሌሊት ጅብ ይሆናሉ ይባላል፤ ከ«ጨዋ» ጋር አይጋቡም። በ1830ዎቹና በ40ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አንኮበር የነበሩት ሚሲዮናዊው ክራፕፍና የእንግሊዙ መልእክተኛ ሀሪስ ስለ እነዚህ ሰዎች ጽፈዋል። በሁለቱም ዘንድ የሚታየው በምስጢራዊ ሃይማኖት የሚጠረጠር ማኅበረሰብና ለንጉሡ የሚሠራ ባለሙያ ነው። ቀጥቃጩ ለቤተ መንግሥቱ ያስፈልጋል፤ ማረሻውም ጦሩም ከእሱ ነው። ገበያ ወርዳ ሸክላዋን የምትሸጠውና ፊት ለፊት ቡዳ የምትባለው ግን ሴቲቱ ነች።

መናገሻው ከአንኮበር ወደ እንጦጦና አዲስ አበባ ሲዞር ባለእጆችም ተከተሉ። ዛሬ ቀጨኔ ያሉት ሸማኔዎችና ሸክላ ሠሪ እናቶች ብዙዎቹ ዘራቸውን የሚቆጥሩት ከሰሜን ሸዋ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብ የሚከለክል አዋጅ አወጁ። ትልቅ ነገር ነው፤ በእኔ ግምት ከዘመኑ የቀደመ። ነገር ግን አዋጅ ስድብን ይከለክላል እንጂ ቡና አያስጠራም፣ አያጋባም። አያቴ የኖረችው ከአዋጁ በኋላ ነው።

በዚህ ነጥብ ላይ የአሜሪካው ትምህርት ከአገሬ ጋር ይለያያል። እዚያ ድንበሩ ቆዳ ላይ ነው፤ ከሩቅ ይታያል። አያቴና ሸክላ ሠሪዋ ግን በመልክ እህትማማች ይመስሉ ነበር። እኛ ጋ ድንበሩ ያለው «አጥንት» ውስጥ ነው፤ የማን ልጅ ነህ ተብሎ እየተጠየቀ የሚታወቅ። ስለዚህም ለመቆጠር አይመችም። በ1987ም ሆነ በ1999 የተካሄዱት ቆጠራዎች ብሔርን፣ ሃይማኖትንና ጾታን ጠይቀዋል። አርጎባ የራሱ መስመር አለው፣ ደግ ነው። ሸክላ ሠሪዋ ግን አማራ፣ ኦርቶዶክስ፣ ሴት ተብላ በሦስቱም ሠንጠረዥ በትክክል ትገባለች፤ የሚያገላት ነገር በሦስቱም የለም። ልክ እንደ ደግራፈንሪድ።

ዩኒቨርሲቲያችን ውስጥ ለአንደኛ ዓመት ተማሪዎች ሶሻል አንትሮፖሎጂ በጋራ ኮርስነት ይሰጣል። ብዝኃነት ሲባል ውይይቱ ቶሎ ብሎ ወደ ብሔር ይሄዳል፤ የዘመኑ ሁኔታ ነውና አልፈርድም። የሥራ ባልደረቦቼን የምጠይቀው ግን ፕሮፌሰሯ እኔን የጠየቀችኝን ጥያቄ ተማሪዎቻቸውን እንዲጠይቁ ነው። ለወረቀት መሥሪያ አንኮበር 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ሚኒባስ አለ።

ባለፈው ክረምት እኔም ሄጄ ነበር። አያቴ አርፋለች። ከአንዲት ሸክላ ሠሪ እናት ቤት ገብቼ ቡና ጠጣሁ፤ መጀመሪያ እምቢ ብለውኝ ነበር፣ የማሾፍ መስሏቸው። ከየት እንደመጣሁ ስነግራቸው ጀበናውን አስቀመጡና «ልጄም እዚያው ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ናት» አሉኝ። ደስ ብሎኝ ስሟንና የምትማረውን ልጠይቅ ስል ቀደሙኝ፦ «ጓደኞቿ የእኔን ሥራ አያውቁም። ነጋዴ ናት ብላቸዋለች። አንተም እንዳትነግርብኝ፣ አደራ።»

ስሟን ሳልጠይቅ ወጣሁ።